የተኳሉት ላሞች

ከዕለታት አንድ ቀን ብዬ አልጀምርም፤ ዘመኑ ይታወቃልና። 1880 ዓ.ም. ነው። ምጽዋ ላይ የሠፈረው የጣልያን ጦር ለቀለቡ ከባሕር ማዶ ከብት አስመጣ፤ ከህንድ የመጡ ናቸው ይባላል። ከመርከብ ከወረዱት መካከል ዓይናቸው እንባ ያቀረረ ነበሩበት። ከዚያ ወዲያ የሆነውን ታሪክ ጸሐፊዎች ክፉ ቀን ብለው በሰው ወገን ጽፈውታል። በከብቶቹ ወገን የሆነውን ግን የጻፈ የለም። ከብት አይጽፍማ! ስለዚህ ይህ ተረት ነው፤ እውነቱን ከፈጠራው መለየት ለሰሚው አይከብደውም።

በአንድ ወይና ደጋ አገር የሦስት መንደር ከብት የሚጠጣበት ኩሬ ነበር። ከኩሬው ዳር ዋርካ ቆሟል። ከብቶቹ በቀትር ከግጦሽ ሲመለሱ ከጥላው ሥር ተኝተው እያመሰኩ ነገር ያያሉ፣ ይፈርዳሉ፣ ያስታርቃሉ። የሸንጎው ዳኛ ጋሽ ዳለቻ የሚባል ሽማግሌ በሬ ነው። አሥራ ሁለት ክረምት ሲያርስ አንድም ቀን ቀንበር ሰብሮ አያውቅም፤ ይህንንም ሸንጎ በተከፈተ ቁጥር ያስታውሳል። ከጎኑ ሰንጋው ይቀመጣል። ሰንጋ ከመደለብ በቀር ሥራ ስለሌለው ሕግ ያውቃል። ወደ ኋላ ገባ ብሎ ቦራ የሚባል ዓይነ ስውር በሬ አለ፤ ዓይኑ ከጠፋ ወዲህ ከቀንበር ወጥቷል፣ ሲናገርም የሚያዳምጠው ጥቂት ነው። እትዬ አህያ ደግሞ ከሸንጎው ውጭ ቆማ ጆሮዋን ወደ ውስጥ ታዞራለች። ቀንድ ስለሌላት ድምፅ የላትም።

አንድ ቀን ከብት የምትከተለዋ ነጭ ወፍ ሳቢሳ ከሰሜን መጥታ ጋሽ ዳለቻ ጀርባ ላይ አረፈች።

«በዚያ በኩል ከብት እያለቀ ነው» አለች። «መጀመሪያ ሰውነታቸው ይግላል። ከዚያ ዓይናቸው ያነባል፣ አፍንጫቸው ይዝረከረካል፣ ድዳቸውና ምላሳቸው ይቆስላል። በመጨረሻም ያስቀምጣቸዋል። ዓይኑ ያነባ ከብት ሁለተኛ ሳምንቱን የሚያየው በዕድል ነው።»

«ከዚህ ምን ያህል ይርቃል?» አለ ጋሽ ዳለቻ።

«ለእኔ የሦስት ቀን፣ ለእናንተ የአንድ ወር መንገድ።»

«እንግዲያው ገና ነው።»

«ገና አይደለም» አለች ሳቢሳ። «በሽታው የራሱ እግር የለውም። ሜዳ ላይ ፀሐይ ካገኘው ብዙ ሰዓት ሳይቆይ ይሞታል። የሚኖረው በትኩስ ትንፋሽ፣ በትኩስ ንፍጥ፣ በትኩስ እበት ነው። ደካማ ነው፤ ግን የሚያዝለው አላጣም። ለገበያ የተነዳ ወይፈን ሁሉ እግሩ ነው።»

ሰንጋው ተነሣ። ምስክሯ ወፍ መሆኗን፣ ወፍ በከብት ጉዳይ ቆማ ስትመሰክር ከአባት ከአያት እንዳልታየ፣ ወሬውም ገበያ የሚያስፈታ መሆኑን አስረዳ። ወሩ ሐምሌ ነው፤ ማሳው ይጠብቃል። ጉዳዩ ከመስቀል በኋላ እንዲታይ ቀጠሮ ተሰጠው።

ሳምንት ሳይሞላ አንድ የተገዛ ወይፈን ከመንጋው ተቀላቀለ። ፀጉሩ የሚያበራ፣ ዝላዩ የሚያስቀና ነበር፤ ራሱም ጤነኛ ነኝ ብሎ ነው የሚያምነው። ማታ በረት ውስጥ አሞሌ ሲቀርብ ከጊደሮቹ ጋር አብሮ ላሰ። ሁለት ቀን ቆይቶ ጭራው ቆሸሸ፤ ከዚያም አልተነሣም።

ከጊደሮቹ አንዷ ሻሼ ትባላለች። ወይፈኑ በሞተ በማግስቱ ዓይኗ አልደርቅ አላት። ማንም ሳይጠራት ወደ ዋርካው መጥታ ራቅ ብላ ቆመች።

«ጋሽ ዳለቻ፣ አትቅረቡኝ» አለች። «ጆሮዬ ይነደኛል፣ ዓይኔ ያነባል። ከሞተው ወይፈን ጋር አንድ አሞሌ ልሰናል፤ ቡላም አብራን ነበረች። እኔ ለብቻዬ ልዋል። ውኃ ብቻ አድርሱልኝ።»

እዚህ ላይ ተረቱን ላቁመው። በዚያ ሸንጎ ከተናገሩት ሁሉ አዋቂዋ ይህች ጊደር ናት። ምልክቷን ተናገረች፤ ከማን ጋር እንደዋለች ተናገረች፤ ለመለየት ፈቀደች፤ ተለይቶ ለመኖር የሚያስፈልጋትን አንዲት ነገር ጠየቀች። የዛሬ የእንስሳት ሐኪም በወረርሽኝ መካከል ይህን ሁሉ ሳይለምን ቢሰማ ደስታው ወሰን የለውም። ሸንጎው ግን ሌላ ነገር ጠየቃት።

«የማን ልጅ ነሽ?» አለ ሰንጋው።

«የእትዬ ዛጎል።»

«እትዬ ዛጎል ከቆላ የተገዛች አይደለችም እንዴ?»

ጉምጉምታ ተነሣ። አንዱ የቆላ ከብት መዥገር እንደማያጣው ተናገረ። ሌላው ዛጎል የመጣች ዓመት በረዶ ሰብሉን መምታቱን አስታወሰ። በሽታው ከየት እንደመጣ ሻሼ አሁን ከአፏ አውጥታ ነግራቸዋለች፤ ከገበያ የመጣው ወይፈን ነው። ግን ወይፈኑ ሞቷል፤ የሞተን ማሰደድ አይቻልም። ወይፈኑን ማን ገዛው፣ ሲገዛ ማን አየው የሚል ጥያቄ ደግሞ ወደ ትልልቆቹ በረቶች ይወስድ ነበርና ማንም አላነሣውም።

ሻሼ ከነእናቷ ወደ ገደል ትውረድ፣ ከኩሬውም እንዳትቀምስ ተብሎ ተፈረደ።

«ትለይ፣ ደግ ነው» አለ ቦራ ከኋላ። «ግን ውኃ ሳይደርሳት ከተለየች ከእንግዲህ ማንም መጥቶ ዓይኔ አነባ አይለንም። እትዬ አህያ በቅል ውኃ ታድርስላቸው። ይህ በሽታ ሰኮናው የተሰነጠቀውን እንጂ ድፍኑን አይዝም።»

እትዬ አህያ ከውጭ ሆና ሳቀች። «እኔን የማይነካኝ ከሆነ እኔን ምን አገባኝ? ከሞትኩ ወዲያ ሰርዶ አይብቀል አለች እያላችሁ ስታሙኝ ኖራችሁ። አሁን ደግሞ በቁሜ የእናንተን ውኃ ልሸከም?»

ኮርማዎቹ እናትና ልጅን በቀንድ እየገፉ አወረዷቸው። ሻሼ በአምስተኛው ቀን ሞተች፤ ከበሽታው ጥሙ ቀደማት። እትዬ ዛጎል ወደ ገደል ስትወርድ ጤነኛ ነበረች። ከልጇ ጋር በአንድ ዋሻ አድራ፣ ልጇን ቀብራ፣ በዘጠነኛው ቀን ዓይኗ አነባ። ሸንጎው በሽተኛ ናት ብሎ ፈረደባት፤ ፍርዱ ደግሞ በሽተኛ አደረጋት። ወሬው ሲደርስ ሰንጋው «አላልኳችሁም?» አለ።

በሽታው ተወገደ ተብሎ ከዋርካው ሥር እምቧ ተባለ። ነገር ግን ይህ በሽታ ሰውነት ውስጥ ገብቶ ሳይታይ ከሦስት ቀን እስከ ሁለት ሳምንት ይቀመጣል፤ ዓይን ከማንባቱ አንድ ሁለት ቀን ቀድሞም ከትንፋሽ ጋር ይወጣል። ሻሼ የተናገረችው የታወቃት ዕለት ነው፤ በዋዜማው ከኩሬው ከሁሉም ጋር ጠጥታለች። በቀንድ የገፏት ኮርማዎችም አፍንጫቸው አንገቷ ላይ ነበር።

ቀጥላ የታመመችው ወይኒቱ ናት፤ የወር ጥጃ ያላት፣ በመንደሩ ወተቷ የተመሰገነ ላም። ከጎህ በፊት ዓይኗ ሞቅ አላት። ምን እንደሆነ አወቀች። ሻሼ የተናገረችውን ቃል በቃል ታስታውሳለች፤ ሻሼ የደረሰባትንም እንዲሁ። አፍንጫዋን ላሰች፣ ፊቷን ከግንድ ጋር አሸች። እንባው ግን አልቆም አለ።

እመት ጦጢት ከዋርካው ላይ ሆና አየቻት።

«ምነው እትዬ ወይኒቱ፣ ምን አስለቀሰሽ?»

«ጢስ ገብቶኝ ነው።»

«ጢሱ እኮ ከጎህ ጀምሮ አልለቀቀሽም» አለች ጦጢት ዝቅ ብላ። «ስሚኝማ፣ እኔ ለማንም አልናገርም። እንባው የሚወርድበትን መስመር በኩል እስልልሻለሁ። ያየ ሁሉ ተውባ ነው ይላል።»

ኩሉ የወይራ ከሰል ጥላሸት ሆኖ በቅቤ የተለወሰ ነው። ዋጋው አጥሩ የላላውን የበቆሎ ማሳ መጠቆም ነበር። ወይኒቱ ጠቆመች።

ያን ዕለት ቀትር ላይ ከሁለቱ ዓይኖቿ እስከ አፍንጫዋ ድረስ ጥቁር መስመር ተስሎባት ወደ ኩሬው ወረደች። አማረባት ተባለ። በሦስተኛው ቀን ሌሎች አራት ላሞች ተኩለው መጡ፤ በሳምንቱ ሃያ ሆኑ። ከነዚያ መካከል ስንቱ የሚደብቀው እንደነበረው ጦጢት ብቻ ነበረች የምታውቀው። ከዚያ ወዲያ ግን እሷም መቁጠር አቃታት፤ ጤነኛ ጊደሮች ወጉ እንዳይቀርባቸው ብለው መሰለፍ ጀምረዋል። ዓይኗን ሳትኳል የመጣችን አንዲት ላም ተቆጧት፦ ምን ልትደብቅ ነው የማትኳለው? ሰንጋው ለዚህም ሕግ አወጣ። ጨዋ ከብት ሁሉ ተኩሎ ሸንጎ ይቅረብ፤ ያልተኳለ እንደተጠረጠረ ይቆጠር።

ሳቢሳ ከላይ እየዞረች ብታይ ብታይ የታመመውን ከጤነኛው መለየት አልቻለችም። እሷ ያላየችውን ሌላ ማን ያየዋል?

ሞት ግን አልተኳለም፤ መጣ። ደግነቱ፣ በበሽታው የሞተ አንድም አልነበረም! የመጀመሪያዋ ሆዷ ነፍቶ ሞተች ተባለ። ሁለተኛዋን ቡዳ በላት። ሦስተኛው እባብ ነድፎት ነው፤ እባቡ በጭድ ክምር ውስጥ እንዳለ ያዩም ተገኙ። ወይኒቱ ስትሞት ደግሞ የምቀኛ ዓይን ነው ተባለ፤ ጥጃዋም በሦስተኛው ቀን ተከተላት፣ እሱን የናፍቆት ሞት አሉት። እንዲህ የተከበረ ሞት የሞተ ደግሞ ለቅሶ ይደረስለታል። ከብት ወገኑ በወደቀበት ቦታ ተሰብስቦ፣ መሬቱን እየኮተኮተ፣ አፍንጫውን ከአፍንጫ አገናኝቶ እምቧ ማለቱን አይታችሁ ይሆናል። ለቅሶ ያልደረሰ ለራሱም አይደረስለትም። ስለዚህ የሦስቱ መንደር ከብት በሙሉ የአንዷን ትኩስ ንፍጥ አሽትቶ ወደየበረቱ ተመለሰ። በእውነተኛ ስሙ ቢጠሩት ኖሮ ለቅሶው ከሩቅ ይሆን ነበር።

ማረስም አልቆመም። ሁለት በሬ በአንድ ቀንበር ሲጠመድ የአንዱ ትንፋሽ የሌላው አፍንጫ ውስጥ ነው የሚያድረው። ጋሽ ዳለቻ በትልሙ መካከል ሳል ያዘው። ሸንጎ ከፍቶ ሻሼን ያሰደደ ዳኛ እኔም ታመምኩ ማለት እንዴት ይሆንለታል? ያን ሌሊት በጨለማ ወደ ዋርካው ሄዶ «እመት ጦጢት» ብሎ ተጣራ። የአሥራ ሁለት ክረምት ገበሬ ለኩል ወረፋ ይዞ አደረ።

ያኔ ስደት ተጀመረ። ዘመድ ያለው ሁሉ ዘመድ ጥየቃ ወጣ። አንዱ ወደ ወንዙ ማዶ፣ አንዱ ወደ ቆላ፣ የሻሼ እናት የተገዛችበት ቆላ፣ አንዱ ወደ ሰንበቴ ገበያ። በየደረሱበት «ደህና ናችሁ?» ተባሉ፣ «ደህና ነን» አሉ። አልዋሹም። በሽታው ሦስተኛ ወይም አምስተኛ ቀኑን ይዞ ውስጣቸው ተቀምጧል እንጂ ለራሳቸውም አልነገራቸውም። በአሥራ አምስት ቀን ውስጥ ከአንድ ኩሬ ተነሥቶ ዘጠኝ ኩሬ ገባ። እግር የለውም ያለችው ሳቢሳ እውነቷን ነበር፤ ይኸው ሠላሳ ስድስት እግር አበደሩት።

ከወንዙ ማዶ ጎሽ ይኖራል። «እኔ ገበያ አልወጣ፣ ቀንበር አልሸከም፣ አሞሌ አልልስ» ይል ነበር። ነገር ግን በበጋ ሣሩ ሲጠፋ የሚግጠው ከብት በጋጠበት፣ የሚጠጣው ከብት በጠጣበት ነው። ጎሽ ወደቀ፤ አጋዘን ተከተለ፤ ከርከሮም እንዲሁ። ጫካውን የሚያጥር አጥር ያን ጊዜም አልነበረም፣ ዛሬም የለም።

ወደ ቦራ ልመለስ። ሸንጎው የኩል ሕግ ባወጣ ጊዜ «እኔ ምኔን ልኳል?» ብሎ ከኩሬው በላይ ወዳለች ጎድጓዳ ወጣ። ጥቂቶች ተከተሉት፤ ሁሉም አንድ ነገር የጎደላቸው ነበሩ፦ አንካሶች፣ ጥጃ የሞተባቸው፣ ዘመድ የሌላቸው። ቦራ ኩል አያይም። የሚያውቀው ጆሮን በአፍንጫው ዳስሶ፣ ትንፋሽን አሽትቶ ነው። ከዚህም በላይ አንድ ጥያቄ ነበረው። የማን ልጅ ነሽ አይልም፤ «ባለፉት አሥራ አምስት ቀኖች ከማን ጋር ጠጣሽ?» ይላል። ስሟ የተጠራውንም ወዲያው ያስጠራና ያንኑ ይጠይቃታል።

ሕጉ አንድ ብቻ ነበር። ታምሜያለሁ ብሎ የተናገረ ከሁሉ ቀድሞ ይበላል። ከጎድጓዳዋ ከተሰበሰበው ጭድ ምርጡ ለብቻው ተከመረ፤ ከክምሩ የሚነካ የተናገረ ብቻ ነው። ውኃም እስከተለየበት ድረስ ይሄድለታል።

ውኃውን ማን ይወስዳል? እዚህ ላይ ቡላ መጣች። ቡላን ታስታውሷታላችሁ፤ አሞሌውን አብራ ስትልስ የነበረችው ናት። ተደብቃ ታማ፣ ተደብቃ ድናለች። አጥንቷ ወጥቷል፣ ፀጉሯ ረግፏል፤ ያያት ሁሉ ይሸሻል። ቦራ ግን ሳቢሳን ጠይቆ ነበር። ሳቢሳ በሰሜን ያየችውን ነገረችው፦ ታመው የዳኑት ከታመሙት ጋር ሲውሉ ሲያድሩ ደግመው አይወድቁም፤ ጤነኛውንም አያስይዙም። ይህ ዛሬም በሳይንስ የጸና ነው። ከዚህ በሽታ የዳነ ከብት ዕድሜ ልኩን አይደግመውም፣ በሽታውንም ይዞ አይዞርም። እናም ከሁሉ የተፈራችው ቡላ ከሁሉ የማትፈራው ሆነች። አንገቷ ላይ ቅል ታሰረላትና ጠዋትና ማታ ወደተለዩት ወረደች።

ችግር አልጠፋም። አንድ ሰነፍ ኮርማ የጭዱን ክምር ባየ ጊዜ «ጆሮዬ ነደደኝ» ብሎ ወደ ተለዩት ዳርቻ ወጣ፤ ከሌሎቹ ፈንጠር ብሎ አሥራ አምስት ቀን ሙሉ ምርጥ ምርጡን እየበላ ተኛ። እንደ ጽጌረዳ ፈክቶ ተመለሰ። ሌሎቹ ተቆጡ፤ ይህ ሌባ ይቀጣ አሉ።

«ቀጡት» አለ ቦራ። «ነገ ግን እውነቱን የታመመችው፣ እንደሱ ውሸታም ትሉኛላችሁ ብላ ትደብቃለች። የእሱ ጭድ ስንት ነው? አሥራ አምስት ሸክም። የአንዷ ዝምታስ?» ኮርማው ሳይቀጣ ቀረ። ፍትሕ ነው ወይ ብትሉኝ አይደለም። እኔም በቦታው ብሆን ከተቆጡት ጋር እቆጣ ነበር።

ከጎድጓዳዋ 17 ከብቶች 6ቱ ሞቱ። አንካሳው ሞተ፣ የቦራ ልጅም ሞተች። ቦራ ተአምር አልሠራም። ከታች በኩሬው ግን ከ10 አንድ እንኳ መቅረቱ ያጠራጥር ነበር። ጋሽ ዳለቻ ኩሉ ሳይለቅ ሞተ። ሰንጋው በመጨረሻዋ ሰዓት ለቀረበችው ሳቢሳ የተናገረው የታወቀ ነው፦ የተቀጠረው ከመስቀል በኋላ ነበር።

ከዚህ ወዲያ ተረቱና ታሪኩ ይቀላቀላሉ። ሰው «ደስታ» ብሎ የሚጠራው ይህ በሽታ ከኢትዮጵያ ከብት ከአሥሩ ዘጠኙን እንደጨረሰ ይገመታል። በሬ የለም፤ ስለዚህ የሚያርስ የለም። ድርቅና አንበጣ ተደረቡበት። ረኀቡ እስከ 1884 ዓ.ም. ዘለቀ፤ ከሕዝቡ ሲሶው አለቀ የሚሉ አሉ። ዳግማዊ ምኒልክ ራሳቸው ዶማ ጨብጠው መቆፈራቸው በታሪክ ተጽፏል፤ ያለ በሬ ማረስ ነውር አለመሆኑን ለማሳየት ነው። ሰው ያልተፈቀደለትን ሥጋ በላ፤ ፈረስም አህያም አልቀረ። በሽታው ወደ ደቡብ ተጉዞ አሥር ዓመት ሳይሞላው ደቡብ አፍሪካ ጫፍ ደረሰ።

እትዬ አህያን በሽታው አልነካትም። እስከ መጨረሻው ይህንኑ ትናገር ነበር። ነገር ግን የምትሸከመው እህል የሚታረሰው በበሬ ነው፤ በሬው ሲያልቅ ጭነቱም ገለባውም አለቀ። አያ ጅቦ በዚያ ዓመት በሜዳ የወደቀውን ሥጋ እየበላ ተባዝቶ ነበር። በድኑ ሲያልቅ ልማዱ አላለቀምና በቁሙ ወዳለው ዞረ። ከዋርካው ሥር ብቻዋን አገኛት፤ የሚጮህላት ከብት በአካባቢው አልነበረም።

መቶ ዓመት ይለፍ። በዚህ መካከል ሰው ለበሽታው ክትባት አግኝቷል፤ ግን ክትባቱ ቅዝቃዜ ስለሚፈልግ በረሃ ላይ ይበላሽ ነበር። ሙቀት የሚችለው ሲመጣ በአፋር አርቢዎቹ ራሳቸው ሠልጥነው የራሳቸውን ከብት ከተቡ። ከብቱን ከነእናቱ፣ ከነኩሬው የሚያውቁት እነሱ ናቸው፤ ዓይኑ ያነባውን ለመናገርም ከመንግሥት ቢሮ የመጣ እንግዳ አልጠበቁም። በኢትዮጵያ በሽታው ለመጨረሻ ጊዜ የታየው በ1995 እ.ኤ.አ. ነው። በዓለም ለመጨረሻ ጊዜ የተገኘው በ2001 እ.ኤ.አ. ኬንያ ውስጥ ነው፤ የተገኘውም፣ ማን ይመስላችኋል፣ ገበያ አልወጣም ባዩ ጎሽ ላይ። በ2011 እ.ኤ.አ. ከምድር ገጽ መጥፋቱ ታወጀ። በሰው ጥረት ከጠፉት በሽታዎች ከፈንጣጣ ቀጥሎ ሁለተኛው ነው።

የከብቶቹ ልጆች በአዲስ ዋርካ ሥር ተሰብስበው ለዚህ እምቧ ሲሉ በጎቹና ፍየሎቹ ዝም አሉ። ከብት ተገላገለ እንጂ የበሽታው የአጎት ልጅ እነሱ ዘንድ አለ፤ ያው ዓይን፣ ያው አፍንጫ፣ ያው ተቅማጥ ነው። እሱንም በ2030 እ.ኤ.አ. እናጠፋዋለን ተብሎ በዓለም ደረጃ ታቅዷል። የሰው ኩፍኝ ራሱ የነዚህ የቅርብ ዘመድ ነው፤ ስለሱ ዛሬ አልተርክም።

እምቧው ሳያልቅ አንዲት ፍየል ራቅ ብላ ቆመች።

«የምናገረው አለኝ፤ ግን አልናገርም» አለች።

ዳኛው ወይኖ የሚባል ወጣት በሬ ነበር። «ምን ፈልገሽ ነው የማትናገሪው?»

«ዋስ።»

«የምን ዋስ?»

«ሻሼ ምን እንደደረሰባት ፍየልም ሰምታለች። እናንተ ትለይ ትላላችሁ፣ እኔም እለያለሁ። ውኃው እስከ ገደሉ እንደሚከተለኝ ግን ማን ዋስ ይሆነኛል?»

ሸንጎው እርስ በርሱ ተያየ። አንዱ ያለፈ ነገር አይነሣ አለ። ሌላው ፍየል ሸንጎን ዋስ ጥራ ማለቷ ድፍረት ነው አለ። አንድ ሕግ ዐዋቂ ሰንጋ፣ መቼም አይጠፋም፣ ጉዳዩ በቀጠሮ ይታይ ብሎ ሲጀምር ከውጭ የቆመች አህያ ጭንቅላቷን አስገባች።

«እኔ እሆናለሁ» አለች። «እኔን አይነካኝም። አያቴንም አልነካትም ነበር።»

«ስንት ታደርሺያለሽ?» አለች ፍየሏ።

«ጠዋትና ማታ ሁለት ሁለት ቅል።»

«እኔ ፍየል ነኝ፤ አንድ አንድ ይበቃኛል። ሁለተኛውን ለሁለቱ ግልገሎቼ አድርጊው፤ እነሱም አብረውኝ ይለያሉ። ቅጠልስ?»

«ቅጠልም።»

«ሸንጎው ሰምቷል?»

ወይኖ ወደ ሰንጋው አየ፣ ወደ አህያዋ አየ፣ «ሰምቷል» አለ።

«እሺ» አለች ፍየሏ። «ከትናንት ጀምሮ ጆሮዬ ይነደኛል። የዛሬ ስምንት ቀን ከገበያ ከመጣችው ነጭ በግ ጋር ጠጥቻለሁ። አብረውን የነበሩት የእትዬ ጠይም ሁለቱ ጠቦቶች፣ ቀንደ ሰባራዋ፣ ከዚያ ደግሞ...»

ስሙ ሳይጠራ በፊት አውራ በጉ ከሸንጎው መካከል ተነሣ። ከዳኛው ቀኝ ነበር የሚቀመጠው።

«እኔም ነበርኩበት» አለና ወደ ፍየሏ ወገን ሄዶ ራቅ ብሎ ቆመ።

«ቆዩ፣ ቆዩ» አለች አህያዋ። «እንግዲያው ቅሉ አይበቃም። እንስራ ፈልጉልኝ።»